ሦስተኛው ዓምድ

1.

ደመወዝህ አሥራ ሦስት ሺህ ብር ቢሆን፣ ሠላሳ በመቶ የሚቆረጠው ከአሥራ ሦስቱም ሺህ ላይ አይደለም።

ይኸው ነው። ማስታወቂያው በዚህች ዓረፍተ ነገር ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ወይዘሪት ሩሐማ ግን አንድ ሙሉ ገጽ ነው የፈለገችው።

2.

አስካለ እባላለሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። አዳማ ዳርቻ ባለ አንድ የሳሙና ፋብሪካ የሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ደመወዝ አሰላለሁ። መስኮቴ ከቦይለር ክፍሉ ፊት ለፊት ነው። ክፍሌ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ቁልፍ ያለው መሳቢያ አለ። ሁለተኛው ወንበር ላይ ፋይል ነው የሚቀመጠው።

ሩሐማ የሰው ኃይል ኃላፊያችን ናት። ሠላሳ አልሞላትም፤ እትዬ እያለች ታዘኛለች። ሰኞ ጠዋት መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ አስካለ፣ የማሸጊያ ክፍል ሰዎች ትርፍ ሰዓት አንሠራም እያሉኝ ነው።»

«ምነው?»

«ደመወዛችን ወደ ላይኛው እርከን ይገባና ግብሩ ጠቅላላውን ይበላብናል ነው የሚሉት። እውነት ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው የሚያስረዳቸው ማስታወቂያ ጻፊልን። ግን ለምን እንደዚያ ያስባሉ?»

አላውቅም አልኳት። አውቃለሁ።

3. ረቂቅ አንድ

ውድ ሠራተኛ፣

ውሃ በመጣ ቀን ጄሪካን እንደምትሞላ አስብ። ደመወዝህ ውሃው ነው። የመጀመሪያው ጄሪካን ሁለት ሺህ ብር ይይዛል፤ ከእሱ ማንም አይቀዳም። እሱ ሲሞላ ሁለተኛውን ትደቅናለህ፤ ከሁለተኛው ከመቶው አሥራ አምስት ይቀዳል። ከሦስተኛው ሃያ። እንዲህ እያለ ይሄዳል። ስድስተኛው ጄሪካን ጋ ብትደርስ፣ ሠላሳ አምስት በመቶ የሚቀዳው ስድስተኛው ውስጥ ከገባው ብቻ ነው። የፊተኞቹን ማንም ተመልሶ አይነካብህም።

(የሩሐማ ማስታወሻ በቀይ እስክሪብቶ፦ ጄሪካኑ ይውጣ። ሰንጠረዥ ይግባ።)

4. ሰሌዳው ላይ ያለው ሰንጠረዥ፣ እንዳለ

የወር ደመወዝ (ብር) | ምጣኔ |
እስከ 2,000 | ነጻ |
2,001 – 4,000 | 15% |
4,001 – 7,000 | 20% |
7,001 – 10,000 | 25% |
10,001 – 14,000 | 30% |
ከ14,000 በላይ | 35% |

5.

በስተቀኝ በኩል የቀረውን ባዶ ቦታ እይልኝ።

እዚያ ሦስተኛ ዓምድ ነበረ። «ተቀናሽ» ይላል። ሐምሌ ላይ አዲሱ ሰንጠረዥ ሲደርሰን ፎቶ ኮፒ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ከማሽኑ መስታወት ይሰፋ ነበርና ጠርዙ ተቆረጠ። ከሰዓት በኋላ ሳየው «ነገ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። ነገ የሚባለው ቀን እኛ መሥሪያ ቤት ሲደርስ ሁሌም ይደክመዋል። ዋናው ቅጂ መሳቢያዬ ውስጥ ተኛ።

ስለዚህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ደመወዙን በመቶኛው እያባዛ፣ የወጣውን ቁጥር እያየ ሲደነግጥ ከረመ።

6. ሦስተኛው ዓምድ ምን ይሠራል

እኛ ሒሳብ ሠራተኞች ስድስት ጄሪካን እየለካን አንውልም። አቋራጭ አለን። ደመወዙን በሙሉ በላይኛው ምጣኔ እናባዛለን፤ ከዚያ ከታችኞቹ እርከኖች ያላግባብ የተቆረጠውን በአንድ ጊዜ እንመልሳለን። የሚመለሰው ቁጥር ሦስተኛው ዓምድ ላይ ነው የተጻፈው። ለሠላሳ በመቶ 1,350። ለሠላሳ አምስት በመቶ 2,050።

ይህን ዓምድ ያላየ ሰው ማባዛት እንጂ መመለስ አያውቅም።

7. ሰንጠረዡ የማይጠይቃቸው ነገሮች

– ሚስት ወይም ባል አለህ?
– ስንት ልጅ?
– ማታ በር የሚከፍትልህ ማን ነው?

ይህን ሁሉ አይጠይቅም። የመጀመሪያዋ ሁለት ሺህ ብር ለሁሉም ሰው ነጻ ናት፤ ለሥራ አስኪያጁም ለጽዳት ሠራተኛዋም እኩል። ከዚያ በላይ ስለ ቤትህ ጉዳይ አይገባም። ሕጉ ሁሉንም እንደ ብቸኛ ሰው ነው የሚያየው። እኔን ግን ልክ ነው ያየኝ።

የሰፈራችን ዕድር ይጠይቃል። ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ብዛት» ይላል። «1» ብዬ ሞላሁ። የዕድሩ ጸሐፊ ቅጹን መልሶ ሰጠኝና «እትዬ፣ ራስዎን አይቁጠሩ» አለኝ።

8. ላቀው

የቦይለር ቴክኒሺያን ነው። አምሳ አንድ ዓመቱ። ባለቤቱ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። አንዲት ልጅ አለችው፤ ናርዶስ ትባላለች፤ ሐዋሳ ትማራለች፣ ሦስተኛ ዓመት ናት።

መጀመሪያ ወደ መስኮቴ የመጣው ሊጣላኝ ነው። ሃያ ሦስት ብር ጎደለብኝ ብሎ። ወረቀቱን ዘርግቼ ሳሳየው አየና «እንግዲያው አንቺ አልተሳሳትሽም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደመወዝ ስሠራ ይህን ዓረፍተ ነገር ከሰው አፍ ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ ዕቃውን ይዞ መጣ። የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ ከፈተው። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ድሮ ደመወዝ በፖስታ ሲከፈል ገንዘቡ ይወጣበት የነበረ ቀዳዳ መሃሉ ላይ አለ። ምሳ ዕቃ አያሳልፍም። እጅ ግን ያሳልፋል። ጠቅልሎ ያቀብለኛል፤ እኔም ከራሴ ጠቅልዬ አቀብለዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ሦስት ዓመት።

ሽሮው ያርራል። አንድም ቀን አልነገርኩትም። ዝም ማለት የጀመርኩት በሽሮ ነው።

9.

አንድ ቀን እየበላን ናርዶስ ደወለች። «አባ፣ ብቻህን ነህ?» ስትለው ይሰማኛል።

«የለም፣ ሰው አጠገቤ አለ» አላት።

ሰው ያለው እኔን ነው። ወሩን ሙሉ በዚያች ቃል ኖርኩ።

10. ኅዳር፣ በመስኮቱ በኩል የተደረገ ንግግር

(ከትዝታ የተጻፈ። አንድም ቃል አልረሳሁም።)

ላቀው፦ ሐዋሳ ቅርንጫፍ የቦይለር ኃላፊ ይፈልጋሉ። ለእኔ ነው ያቀረቡልኝ።

አስካለ፦ ናርዶስ ጋ።

ላቀው፦ ናርዶስ ጋ። አብረን እንኖር ነበር። ደመወዙ አሥራ አምስት ሺህ ነው።

አስካለ፦ እንኳን ደስ አለህ።

ላቀው፦ ቆይ፣ እንዲያው አትቸኩዪ። (የሳሙና ካርቶን ቁራጭ አወጣ፤ በእርሳስ ተጽፎበታል።) ሰሌዳው ላይ አይቼ ሠራሁት። ጡረታውን ተዪው፣ ግብሩን ብቻ። አሥራ አምስት ሺህ በሠላሳ አምስት ሲባዛ አምስት ሺህ ሁለት መቶ አምሳ ነው። የሚተርፈኝ ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ አምሳ። አሁን ከአሥራ ሦስት ሺሁ ስንት ነው የሚተርፈኝ?

አስካለ፦ አሥር ሺህ አራት መቶ አምሳ።

ላቀው፦ አየሽ? አድጌ ሰባት መቶ ብር ልከስር ነው። ቤት ኪራዩም እዚያ ይብሳል። የልጅቷንስ በምን እችለዋለሁ?

አስካለ፦ ሠላሳ አምስት ከፍተኛው እርከን ነው።

ላቀው፦ ልክ ነኝ ታዲያ?

11.

እዚህ ቦታ ላይ «ሁለት ሺህ አምሳ ብር ትመለስልሃለች፤ ከአሁኑ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አምሳ ብር ይበልጥልሃል» ማለት ነበረብኝ።

 

 

12.

አስካለ፦ ማባዛቱ ልክ ነው።¹

———
¹ ብልህ አንባቢ «አሁን በሚያገኘው ደመወዝ ላይ ሠላሳ በመቶ ቢያባዛ ኖሮ እንደማይገጥም ያይ አልነበር?» ሊለኝ ይችላል። ያይ ነበር። ግን በእጁ የገባውን የሚያባዛ ሰው አላጋጠመኝም። ሰው የሚያባዛው ገና ያላገኘውን ነው።

13.

ውሸት ተናገርኩ? የሰሌዳውን ወረቀት ስጪ ብትለኝ እሰጥሃለሁ፤ ፈልግ። አንድም የተሳሳተ ቁጥር የለበትም።

በማግስቱ ካርቶኑን ጣለውና «እንቢ ብያለሁ ብለሽ ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» አለኝ።

ጻፍኩለት።

አሳምሬ።

14.

ዝም አይነቅዝም ይላሉ የሀገሬ ሰዎች። ታኅሣሥን ሙሉ በዚህች ተረት ተጽናናሁ። ምሳ ሰዓቴ አልጎደለብኝም። ሽሮው እንደ ድሮው ያርራል። በገና ዋዜማ ላስቲክ ውስጥ ብርቱካን አምጥቶ በቀዳዳዋ አንድ በአንድ አቀበለኝ። አምስት ነበሩ። አራቱን በላሁ፤ አንዱ እስኪጨማደድ ጠረጴዛዬ ላይ ቆየ።

ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን አልደብቅም።

15. ጥር

ላቀው ሁለት ቀን ከሥራ ቀረ። እንዲያ ሲሆን ከቅዳሜና እሑድ ሌላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩና ከደንኩት።

በሦስተኛው ቀን መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ናርዶስ ወባ ይዟት ነበር» አለኝ። «አራት ቀን ተኝታለች አሉ። አብራት የምታድረው ልጅ ቤተሰቦቿ ጋ ሄዳለች። አከራዮቹ በሩ ዝግ ሲሆንባቸው የለችም ብለው ተዉት።»

«አሁንስ?»

«ተሽሏታል። መድኃኒቷን ጨርሳለች።» ጠቅልሎ የያዘውን መልሶ ምሳ ዕቃው ውስጥ አስቀመጠው። «ውሃ የሚያቀብላት አልነበረም፣ አስካለ። ጆጉ ከአልጋው ሁለት እርምጃ ነው የሚርቀው። ሁለት እርምጃ መሄድ አቅቷት ነው የዋለችው።»

ምን አልኩት? እግዚአብሔር ይማራት አልኩ። ሰው ሁሉ የሚለውን።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ከአልጋዬ እስከ ውሃው ባልዲ ያለውን በእርምጃ ለካሁት። ሦስት ነው። እኔ ብታመም ማን እንደሚያቀብለኝ አስቤ ለካሁ እንዳልል፤ እሱንማ ሁሌም አስባለሁ። ልጅቷን ነው ያሰብኩት። እኔ የምፈራውን ነገር፣ ስሟን እንጂ መልኳን በማላውቀው የሃያ ዓመት ልጅ ላይ አመጣሁት።

ይነቅዛል። ዝም ይነቅዛል።

16. የሚታወቁ ቀኖች

ሰኞ፦ ሩሐማ የግብሩን ማስታወቂያ አዘዘችኝ።

ማክሰኞ፦ የሐዋሳው ቦታ እንደገና ወጣ። ከውጭ የተቀጠረው ሰው የቦይለር ፈቃድ የለውም ተባለ። ማመልከቻ የሚያበቃው አርብ አሥራ አንድ ሰዓት።

ረቡዕ፦ ላቀው የሥራ ቦታውን ማስታወቂያ አየው። እየበላን «እንደገና አወጡት» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እኔም አልጨመርኩም።

ረቡዕ ከሰዓት፦ ሩሐማን «ጽሑፉ መቼ ይድረስልሽ?» አልኳት። «አይቸኩልም እትዬ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ቢሆን ይደርሳል» አለችኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ማለት ከአርብ በኋላ ማለት ነው።

17.

ማንም አያውቅብኝም ነበር። ይህን ጻፍልኝ ወንድሜ፣ ወይም ጻፊልኝ እህቴ፤ ይህን የምታነበው ማን እንደሆንክ አላውቅም። የግብሩን ማስታወቂያ በሚቀጥለው ሰኞ ለጥፌው ቢሆን ላቀው አንብቦ «ወይ እዳዬ፣ ሦስት ቀን ቀድሜ ባየው ኖሮ» ይል ነበር። እኔም በቀዳዳዋ እንጀራ እያቀበልኩ «ምን ይደረግ» እለው ነበር። ጡረታ እስክንወጣ አብረን እንበላ ነበር።

ማባዛቱ ልክ ነው።

18. ረቂቅ ሁለት

ውድ ሠራተኛ፣

ደመወዝህ ስላደገ ብቻ በእጅህ የሚገባው አይቀንስም። ከፍተኛው ምጣኔ የሚነካው ከወሰኑ በላይ ያለውን ብር ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ሰሌዳው ላይ የነበረው ሰንጠረዥ አንድ ዓምድ ጎድሎት ነበር። ጉድለቱ የሕጉ አይደለም። ጉድለቱ

19. ረቂቅ ሦስት

ጉድለቱ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ

20. ረቂቅ አራት

ጉድለቱ የእኔ ነው።

(ሩሐማ ይህችን ዓረፍተ ነገር አይታ «ማስታወቂያ ላይ እንደዚህ አይጻፍም» አለችኝና ሰረዘቻት። «ጄሪካኑን ግን መልሺው፣ ገብቶኛል» አለች።)

21. ሐሙስ

መሳቢያውን ከፈትኩ። ዋናውን ቅጂ አወጣሁ። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን አዙሬ በሁለት ገጽ ኮፒ አደረግኩና በፕላስተር አገናኘሁት። አሥር ሰዓት ላይ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት። አሮጌውን ስነቅል የተለጠፈበት ቦታ ከሌላው ሰሌዳ ነጥቶ ነበር።

ከሥሩ መልመጃ ጻፍኩ። እስክሪብቶም በሲባጎ አሠርኩ።

መልመጃ፦ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ከ13,000 ወደ 15,000 ብር ቢያድግ (ጡረታን ትተን)፣

ሀ. የድሮው ግብር፦ 13,000 × 30% − 1,350 = ........
ለ. የአዲሱ ግብር፦ 15,000 × 35% − 2,050 = ........
ሐ. በእጁ የሚጨምርለት = ........

ሰው ሁሉ የሚሠራው መልመጃ መስሎት ነው። የተጻፈው ለአንድ ሰው ነው።

22. እንዲህ ብሎ ቢጠይቀኝስ

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሒሳቡን አንዴ ከሠራ በኋላ ላቀው የሚጠይቀኝን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ሰውየው ማሽን ነው የሚጠግነው፤ ብልሽት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው መቼ እንደጀመረው ነው።

ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛው «ትናንት» ነው። ሐሰት አይደለም። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ትናንት ነው። አንድም የተሳሳተ ነገር የለበትም። ተሰናብቶኝ፣ ከሐዋሳ እየደወለ፣ ምናልባት ናርዶስን «ሰላም በያት» እያለ፣ ሰው እንደሆንኩ እቀራለሁ።

ሁለተኛው «ሐምሌ» ነው፤ ታውቀዋለህ።

23. አርብ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል

ምሳ ዕቃውን አልያዘም። በእጁ የማመልከቻ ቅጽ አለ፤ ተሞልቷል። በሌላ እጁ ካርቶን ይዟል። ሰሌዳው ጋ እስክሪብቶው በሲባጎ ስለታሰረ በራሱ እርሳስ ነው የሠራው። ሦስት ጊዜ ሠርቶታል፤ ሦስቱም ጋ የመጨረሻው ቁጥር ተከቦበታል። 1,350።

ላቀው፦ አስካለ።

አስካለ፦ አቤት።

ላቀው፦ ይጨምርልኛል።

አስካለ፦ ይጨምርልሃል።

ላቀው፦ ኅዳርም ይጨምርልኝ ነበር።

አስካለ፦ ኅዳርም።

(ቅጹን ደፉ ላይ አስቀመጠ። ቦይለሩ ጢስ ለቀቀ። ፍርግርጉን ያዘ፤ ሲይዘው አይቼው አላውቅም።)

ላቀው፦ እኔ ሒሳብ አላውቅም፤ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ስለዚህ ልጠይቅሽ። ያቺ ሦስተኛዋ ዓምድ መቼ ነው የመጣችው?

24.

አስካለ፦ ................................................